ዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣትና ላክቶባሲለስ፦ ኦዲውና የኮሎኒ ቆጠራው አልገጠሙም

ኮሎኒ_ቆጣሪ (ጠያቂ)
ዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት (አምራቹ 30 ናኖሜትር ይለዋል) ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለውን ባክቴሪያ ይጎዳ እንደሆነ እየፈተሽኩ ነው። በኤምአርኤስ ብሮዝ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ)፣ በሊትር 200 ሚሊግራም ገብቶበት 16 ሰዓት ካደገ በኋላ፣ ብላንኩን (ቅንጣት ያለበት ግን ሴል የሌለበት ብሮዝ) ቀንሼ የማገኘው ኦዲ 600 (በ600 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካ ድፍርስነት) ቅንጣት ካልገባበት ኮንትሮል በጣም ያነሰ ነው። ሳህን ላይ የሚበቅለው ኮሎኒ ግን ከኮንትሮሉ ብዙም አይለይም። ሴሎቹን አጥቤ በ0.85 ፐርሰንት ጨው ውሃ ለ2 ሰዓት ከቅንጣቱ ጋር ሳቆያቸው ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ በፒቢኤስ (ፎስፌት ባለበት የጨው በፈር) ሳደርገው ደግሞ ምንም አይሆኑም። የጨው ውሃውን በ0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር አጣርቼ የወጣውን ስሞክረውም ይገድላል። ገዳዩ የሟሟው ዚንክ ነው ብዬ ልደምድም?

ኮሎይድ
ገና ነው፣ አይደምድሙ። 0.22 ማይክሮሜትር ማለት 220 ናኖሜትር ነው፤ ያልተጓጎለ 30 ናኖሜትር ቅንጣት ሾልኮ ያልፋል። ያጣሩት ፈሳሽ ቅንጣትም አዮንም ይዟል። ሴንትሪፊውጅ ውስጥ የሚገባ የ3 ኪሎዳልተን አልትራፊልተር (አዮኑን አሳልፎ ቅንጣቱን የሚያስቀር እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ) ይጠቀሙ። ሜምብሬኑ መጀመሪያ ላይ ዚንክ ስለሚይዝ ቀድሞ የወረደውን ጥቂት ፈሳሽ ደፍተው ቀጣዩን ይውሰዱ፤ ዚንኩንም በአቶሚክ አብዞርፕሽን (የብረት ንጥረ ነገሮችን መጠን በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ።

ከዚያ የዚንክ ሰልፌት ኮንትሮል ያዘጋጁ። በሊትር 200 ሚሊግራም ዚንክ ኦክሳይድ ሙሉ በሙሉ ቢሟሟ 2.46 ሚሊሞላር ዚንክ ይሰጣል፤ ይህም 707 ሚሊግራም ዚንክ ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት ነው። ይህ ጣሪያው ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ግን አልትራፊልተሩ ያሳየዎትን የዚንክ መጠን ብቻ የያዘ ኮንትሮል ነው። የሁሉንም ፒኤች አንድ ያድርጉ፤ ሰልፌቱ ወደ አሲድ፣ ኦክሳይዱ ወደ ቤዝ ይጎትታል። ቅንጣቱ ከሰልፌቱ በላይ ከገደለ የቅንጣቱ የራሱ ድርሻ አለ ማለት ነው፤ እኩል ከሆኑ ግን አዮኑ ብቻውን ይበቃል።

ብሮዝ_37
የኦዲው ችግር ብላንኩ ላይ ነው። ኤምአርኤስ ሲጀምር ፒኤቹ ወደ 6.2 አካባቢ ነው፤ ባክቴሪያው ላክቲክ አሲድ እያመረተ ወደ 4 ያወርደዋል። በዚያ ፒኤች ዚንክ ኦክሳይድ ይሟሟል፣ የቅንጣቱ ድፍርስም ይጠፋል። ሴል የሌለበት ብላንክ ግን አሲድ የሚያመርትለት ስለሌለ እንደደፈረሰ ይቆያል። እርስዎ የሚቀንሱት ናሙናው ውስጥ የሌለ ድፍርስ ነው፤ ለዚህ ነው እድገቱ ያነሰ የሚመስለው።

ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ከናሙናውም ከብላንኩም 1 ሚሊሊትር ወስደው በእያንዳንዱ ላይ 100 ማይክሮሊትር 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨምሩ፣ ያናውጡ፣ ብላንኩ ሲጠራ ወዲያው ያንብቡና በ1.1 ያባዙ። ኮንትሮሉም ይኸው ይደረግለት። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ሴሪየም ኦክሳይድ ላይ አይሠራም፣ በዚህ አሲድ አይሟሙም። እዚያ ቆጠራ ብቻ ነው የሚታመነው።

ቆጠራውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅንጣት ሴሎችን አጣብቆ ካጓጎለ አሥር ሕያው ሴል አንድ ኮሎኒ ሆኖ ይቆጠራል፣ የሞቱም ይመስላሉ። የጨው ውሃውን ናሙና ከመዝራትዎ በፊት ጠብታውን በማይክሮስኮፕ ይዩት።

ፎስፌት
ፒቢኤስ ውስጥ ያልሞቱት ፎስፌቱ ስለጠበቃቸው ነው። ወደ 10 ሚሊሞላር ፎስፌት አለበት፤ ከቅንጣቱ የሚሟሟውን ዚንክ በቀላሉ የማይሟሟ ዚንክ ፎስፌት አድርጎ ያዘቅጠዋል። ኤምአርኤስም ፎስፌት፣ ሲትሬትና ፔፕቶን ስላለው በከፊል እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ሁለቱም ውጤት እውነት ነው፤ የለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ለመጋለጥ ሙከራው ፎስፌት የሌለበት 10 ሚሊሞላር ሞፕስ (ፒኤች የሚጠብቅ በፈር)፣ ፒኤች 7.0፣ ይሻላል። ጨው ውሃ ፒኤች አይጠብቅም፣ ጨውነቱም ቅንጣቱን ያጓጉላል።

ኮሎኒ_ቆጣሪ (ጠያቂ)
እጅግ አመሰግናለሁ። ሲያድግም ቅንጣቱ ሳይሟሟ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል?

ብሮዝ_37
ሙሉ በሙሉ አይቻልም፣ መቀነስ ግን ይቻላል። አሲዱ የሚመጣው ከግሉኮስ ነው። መደበኛው ኤምአርኤስ በሊትር 20 ግራም አለው፤ ወደ 2 ግራም ያውርዱትና 100 ሚሊሞላር ሞፕስ ጨምረው ፒኤቹን 7.0 ላይ ያስተካክሉ። 2 ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 22 ሚሊሞላር ላክቲክ አሲድ ስለሚሰጥ ፒኤቹ ከ6.5 ብዙም አይወርድም። እድገቱ ያንሳል፤ ኮንትሮሉም በዚያው ብሮዝ ይደግ።

ኮሎይድ
አንድ ልጨምር። የቅንጣቱን ስቶክ (ኋላ የሚቀጠነውን መነሻ ድብልቅ) በንጹህ ውሃ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም አድርገው፣ በበረዶ ላይ 15 ደቂቃ ሶኒኬት አድርገው (በድምፅ ሞገድ በትነው) ወዲያው ይጠቀሙበት። የቆየ ስቶክ ይጓጎላል፣ ይሟሟልም። ስቶኩን አውቶክሌቭ አያድርጉት (በእንፋሎት አያምክኑት)፤ ዱቄቱን በደረቅ ሙቀት 160 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት ያምክኑት። ቱቦዎቹን በፎይል ይጠቅልሉ፤ ዚንክ ኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ሲያገኘው ኦክሲጅን ራዲካል ስለሚያመነጭ፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ቱቦና ጨለማ ውስጥ ያለው አንድ ውጤት አይሰጡም። ዱቄቱን ሲመዝኑ ሁድ (አየር የሚስብ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ይሁን።