«ፈረንጅ እንኳ ቢሆን» ማለት ምን ማለት ነው?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ቅዳሜ እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ክርስትና ነበረን። የእህቴ ልጅ የወንድ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ሪችመንድ ተወልዶ ያደገ፣ እንደሷ ነርስ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ማንም ሳይነግረው ተነስቶ ማስታጠቢያውን ከልጆቹ ተቀበለና ሽማግሌዎቹን አስታጠበ። «እንደምን ዋላችሁ»ን ሳምንት ሙሉ ሲለማመዳት ከርሞ ነበር፣ እየዞረ ለሁሉም አላት። ከዚያ አንዲት ዘመዳችን፣ እንደ እናቴ የማያት ሴት፣ ጉርሻ እየጠቀለለች «ምነው ልጄ፣ ፈረንጅ እንኳ ቢሆን ምን አለበት» አለች። ጮክ ብላ። ቤቱ ጸጥ አለ። እሱ ዞር ብሎ ምን እንዳለች ጠየቀ። «ብላ ነው የምትልህ» አለችው ልጅቷ። ከዚያ ኩሽና ገብታ አለቀሰች። እኔም ዝም አልኩ፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ያቺ «እንኳ» ምንድን ናት?

የአራት ኪሎው፦
ሴትዮዋን ባላውቃትም የሚያሳስባት ነገር ይገባኛል። ሠላሳ ዓመት እዚህ ታክሲ ነድቻለሁ። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አማርኛ አይሰማም። ስልኩን ሲሰጡት «ሃይ» ይለኛል፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ስሞት የሚያለቅስልኝ በየትኛው ቋንቋ ነው? ይሄ የባህል ጉዳይ ነው፣ የዘር አይደለም። ሁሉን ነገር ዘረኝነት አትበሉት።

የባልቲሞሯ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምጠይቅዎ። የባህል ጉዳይ ከሆነ ፈረንጁ አማርኛ ይችላል? ይጾማል? ማተብ አስሯል? ታዲያ «እንኳ» ለምን ለእሱ ተሰጠች? ሴትዮዋ «ምነው ሐበሻ በሆነ» ብትል ኖሮ የርስዎ መልስ ያስኬድ ነበር። እሷ ያለችው «ፈረንጅ እንኳ» ነው። «እንኳ» ደረጃ ናት። ከላይ ሐበሻ፣ ቀጥሎ ፈረንጅ፣ ከታች የኔ አባት።

እናቴ የጎንደር ሰው ናት፣ አባቴ የባልቲሞር ጥቁር። ልጅ ሆኜ ማኅበር ላይ ከፈረንጅ የተወለዱትን «ክልስ፣ ሲያምር!» እያሉ ፀጉራቸውን ይዳብሷቸው ነበር። እኔን ክልስ ያለኝ ሰው የለም። እኔ «ያቺ የጥቁሩ ልጅ» ነበርኩ። እንደዚያ የሚሉኝ ሰዎች ከኔ ይጠቁሩ ነበር።

የወሎ ልጅ፦
እህቴ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል። ግን አንድ ሴትዮ በተናገረችው ማኅበረሰቡን ሁሉ አትክሰሱ። እኛ እዚህ ትንሽ ሕዝብ ነን። ከራሳችን ካልተጋባን በሁለት ትውልድ እናልቃለን። እኔ ሐበሻ አገባለሁ ብዬ ወስኛለሁ፣ ለማንም ጥላቻ የለኝም። ደግሞ ለየብቻ መኖርን እኛ አልጀመርነውም። የጥቁር አሜሪካውያኑ ታጋይ ማልኮም ኤክስ ራሱ ከነጭ ጋር አንቀላቀል ሲል አልነበረም? መሪው የነበረው ኤላይጃ ሙሐመድ የራሳችን ግዛት ይሰጠን አላለም? እነሱ ሲሉት ክብር፣ እኛ ስንለው ዘረኝነት ይሆናል?

ሻላ፦
ማልኮምን ካነሳህማ እስከ መጨረሻው አንሳው። በ1964 መካ ደርሶ ሲመለስ ተለውጦ ነው የመጣው። የዚያን ዓመት አዲስ አበባም መጥቷል። በጥር 1965 በካናዳ ቴሌቪዥን ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ ሰው ሰውን ማግባቱ ነው፣ ሌላ አይደለም ብሎ መለሰ። በወሩ ተገደለ። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ደግሞ የተገፋ ሰው «እንግዲያው ለብቻዬ ልሁን» ማለቱና ትናንት የመጣ ሰው የተገፋውን መልሶ መግፋቱ እንዴት አንድ ይሆናል? አንተ ሐበሻ ማግባትህ መብትህ ነው። ማንም አልነካህም። ጥያቄው ስለ «እንኳ» ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በተለይ ቨርጂኒያ ላላችሁ። በሐምሌ 1958 ካሮላይን ካውንቲ ውስጥ ሸሪፍ ሌሊት መኝታ ቤት ገብቶ ባልና ሚስት ከአልጋ አስነሳ። ሪቻርድ ላቪንግ ነጭ፣ ሚልድረድ የጥቁርና የአሜሪካ ነባር ሕዝብ (ሬድ ኢንዲያን) ዘር። ዲሲ ሄደው ተጋብተው ነበር፣ ምክንያቱም ዲሲ እንደ ቨርጂኒያ ነጭ ከሌላ ዘር እንዳይጋባ አይከለክልም። የጋብቻ ወረቀታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሸሪፉ እዚህ አይሠራም አላቸው። ዳኛው የአንድ ዓመት እስር ፈረደባቸውና፣ ለ25 ዓመት አብራችሁ ቨርጂኒያ ካልረገጣችሁ እተወዋለሁ አላቸው። እግዚአብሔር ዘሮችን በየአህጉሩ ለይቶ ያስቀመጠው እንዳይቀላቀሉ ነው ብሎም ኋላ ጻፈ። ኋላ ተከራክረው፣ ከተያዙ በዘጠኝ ዓመቱ ሰኔ 12፣ 1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። ያኔ ቨርጂኒያን ጨምሮ 16 ክፍለ አገሮች ይከለክሉ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ያቺ ሴት የተመኘችውን ፈረንጅ ልጅቷ በ1966 እዚሁ ቨርጂኒያ ብታገባው ወንጀለኛ ነበረች። የ1924ቱ የቨርጂኒያ ሕግ የጥቁር ደም ጠብ ያለበትን ሰው ነጭ አይለውም ነበር። እኛንም ሐበሻ ናችሁ ብሎ ለይቶ አያስቀምጠንም፣ ከሪችመንዱ ልጅ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ነበርን። ፈረንጅ ማግባትን የፈቀደልን ፈረንጅ አይደለም። የዚያ ልጅ አያቶች ታግለው ነው።

የአራት ኪሎው፦
ታሪኩን አውቀዋለሁ ወንድሜ። ውለታም አልክድም። ግን ውለታ ያለበት ሁሉ ልጁን ይድርለት ነው የምትለው?

ሻላ፦
አልወጣኝም ጋሼ። በአማርኛ አትስደቡት ነው ያልኩት።

ናይን ስትሪት፦
ውለታ ውለታ ትላላችሁ፣ እነሱስ እኛን ይወዱናል? በ2005 ግድም ዲሲ ውስጥ ናይንዝ ስትሪትን «ሊትል ኢትዮጵያ» እናስብል ስንል ማን ነበር የተቃወመን? ሎስ አንጀለስ በ2002 አግኝተዋል። እዚህ ግን ሰፈራችንን ልትወስዱ ነው ተባልን። እኔ እዚያ መንገድ ላይ አሥራ አራት ዓመት ሥጋ ቤት ሠርቻለሁ። በኪራይ አለቅሁ።

የባልቲሞሯ፦
ሰፈራቸው ስለነበረ ነዋ! ናይንዝ ስትሪት ያለበት የዩ ስትሪት ሰፈር ከኛ በፊት የጥቁር ቲያትር፣ የጥቁር ባንክ፣ የጥቁር ሐኪም ቤት የነበረበት ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ተቃጠለ። እኛ ስንመጣ ኪራዩ የረከሰው ለምን መሰለህ? በሰው ቁስል ላይ ነው ሱቅ የከፈትነው። ስማችንን ልንለጥፍ ስንል ቢያማቸው ይገርማል?

ናይን ስትሪት፦
እኔ ያቃጠልኩት ነገር የለም። ባዶ ቤት ተከራይቼ አፀዳሁ፣ ቀለም ቀባሁ፣ ሥራ ፈጠርኩ። አንቺ እዚህ ቁስል ትይኛለሽ፣ እኔ ሌሊት ሦስት ጊዜ መስታወቴ ተሰብሯል።

የወሎ ልጅ፦
ይኸው! እነሱም ይንቁናል። ሁለቱም ወገን ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ኧረ ስለ መስታወት አይደለም የጠየቅኩት። ያ ልጅ የማንንም መስታወት አልሰበረም። ውሃ ነው ያስታጠበው።

ሻላ፦
ልክ ነሽ። ወደ «እንኳ» እንመለስ። እኔ የሚመስለኝን በግልጽ ልበል። ያቺ ቃል አሜሪካ አልተወለደችም። ይዘናት ነው የመጣነው። አገር ቤት ስንጋባ አጥንት ስንቆጥር ኖረናል። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው» ብለን ጋብቻ ከልክለናል። «ባሪያ» የምትለዋ ስድብ ዛሬም ከአፋችን አልወጣችም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፣ አያቶቻችን የደረሱበት ዘመን። እዚህ ስንመጣ የፈረንጁ ደረጃ ከኛ ደረጃ ጋር ገጠመና ተመቸን።

ሌላ መንገድ ግን ነበረ። ዶክተር መላኩ በያንን አስታውሱ። የንጉሡ ዘመድ፣ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረ። በ1931 ዶሮቲ ሃድሊን አገባ፣ ጥቁር አሜሪካዊት። ጣልያን ሲወረን አገሩ ገብቶ ቁስለኛ አከመ። ከዚያ ተመልሶ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረተ። ሐርለም ውስጥ ሳንቲም እያዋጣ ለኢትዮጵያ የላከው ማን ነበር? የመኳንንት ልጅ «ፈረንጅ እንኳ» ሳይል ያገባቸው ሰዎች ናቸው። ነፃነቱን ሳያይ በ1940 ሞተ።

የአራት ኪሎው፦
መላኩ በያን ትልቅ ሰው ነው፣ ነፍሱን ይማር። ግን ያ ጦርነት ነበር። እኔ የማወራው ስለ ልጅ ልጄ ነው። ለነገሩ እናቱ ሐበሻ ናት፣ አባቱም ሐበሻ ነው።

የባልቲሞሯ፦
ጋሼ! ሁለቱም ሐበሻ ከሆኑ አማርኛው በማን ጠፋ ታዲያ?

የአራት ኪሎው፦
በኛ ነው የጠፋው። ሌት ተቀን ስንሠራ።

የባልቲሞሯ፦
እኔ አማርኛ እጽፋለሁ። አባቴ ነው እሑድ እሑድ ወደ ፊደል ትምህርት የሚወስደኝ የነበረው። መኪና ውስጥ ጋዜጣ እያነበበ ይጠብቀኛል፣ ወደ ውስጥ ግን አይገባም ነበር። ለምን እንደማይገባ ልጅ ሆኜ አልገባኝም።

የወሎ ልጅ፦
አባትሽን እግዜር ይስጠው። እኔ ግን አቋሜን አልለውጥም። ሐበሻ ነው የማገባው።

የባልቲሞሯ፦
አግባ! ማን ከለከለህ? ስንት ጊዜ ነው የሚነገርህ?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ዛሬ ማታ ለሴትዮዋ ደወልኩላት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። «እትዬ፣ ያን ቀን ያሉት ነገር ልጅቷን ሰብሯታል» አልኳት። «ምን አልኩ?» አለችኝ። ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እንደዚያ ብያለሁ?» አለች። አታስታውሰውም።

የአራት ኪሎው፦
አልኳችሁ እኮ፣ ክፋት የለባትም።

የባልቲሞሯ፦
ክፋት ስለሌለባት አይደለም የረሳችው። ከአፏ ስለማይለይ ነው።

የአራት ኪሎው፦
ልጄ፣ ሰውን እንዲህ አትፍረጂ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
የመጪው እሑድ እኔ ቤት ጠርቻቸዋለሁ፣ እሷንም እነሱንም። ትምጣ አትምጣ አልነገረችኝም።