ወለል የማይነካውን መልህቅ ምን እንበለው?

ለተማሪዎቼ የአንታርክቲካ አሳሹን የሻክልተንን የ1916 የጀልባ ጉዞ በአማርኛ እየጻፍኩ አንድ ቃል ላይ ከቆምኩ ሦስት ቀን ሆነኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ። ስድስት ሰዎች ሰባት ሜትር በማትሞላ ጀልባ፣ የተጋገረባትን በረዶ እየፈለጡ፣ አንታርክቲካ አጠገብ ካለችው ኤሌፋንት ደሴት ተነስተው ደቡብ አትላንቲክ ውስጥ ያለችው ደቡብ ጆርጂያ ደሴት በ16 ቀን ደረሱ። ማዕበሉ ሲበረታ ከጀልባዋ ፊት በገመድ የታሰረ የሸራ ከረጢት ውኃ ውስጥ ይጥላሉ፤ ከረጢቱ ውኃ ይዞ ስለሚጎትታት ፊቷን ወደ ማዕበሉ እንዳዞረች ትቆያለች። «መልህቅ» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፤ አንባቢ ወለል የነካ ብረት ይመስለዋል። «ተንሳፋፊ መልህቅ» ደግሞ አልጣመኝም። ገመዱ ተበጥሶ ከረጢቱ የጠፋበት ክፍል ልብ የሚያንጠለጥል ስለሆነ ቃሉን መዝለል አልችልም። በምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገላችሁ አባቶች፣ እናንተ ምን ትሉት ነበር?