ለማርቲን ዊክረመሲንጌ 50ኛ ሙት ዓመት ባሕር ዳር ላይ ምን ብናደርግ ይሻላል?

የሐይቅ ዳር አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት ትንሽ የንባብ ቡድን አለችን። አብዛኞቻችን ተማሪዎች ነን። ሰሞኑን ስናነብ የከረምነው የስሪላንካውን ደራሲ ማርቲን ዊክረመሲንጌን ነው፤ በሲንሃላ የጻፈ፣ አገሩ ላይ ከልጅ እስከ አዋቂ የሚወደድ ሰው። እኛ ያገኘነው በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ያረፈው እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1976 ነው። በእኛ ሐምሌ 16 ቀን 1968 መሆኑ ነው። ስለዚህ ሐምሌ 16 ቀን 2018 ድፍን 50 ዓመት ይሞላዋል።

ሙት ዓመቱን እናስብ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ግማሹ ደስ አለው። ግማሹ ግን «አቤ ጉበኛ እዚሁ አቸፈር ተወልዶ እሱን እንኳን በወጉ አላሰብንም፣ የሩቅ አገር ሰው ምን አገባን» አለ። ቅሬታው ይገባኛል። ግን «ማዶል ዱዋ» የሚለውን መጽሐፉን ያነበበ የጣና ልጅ እንዴት ዝም ይላል? ኡፓሊና ጂና የሚባሉ ሁለት አስቸጋሪ ልጆች ከቤት ይጠፉና በኋላ ኮጋላ ሐይቅ ላይ ሰው የማይኖርባት ደሴት ገብተው፣ ጫካ መንጥረው ማረስ ይጀምራሉ። እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ የጣናን ደሴቶች በሩቅ እያየ እንዲህ ተመኝቷል።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ዝግጅቱ ምን ይምሰል? ባነር፣ ሻማ፣ የሕይወት ታሪክ፣ ንግግር? ወይስ ሌላ ነገር?

ጎጃሜው

ንግግሩን ተዉት ወንድሜ። እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ሦስት ሰው ተነስቶ «ታላቅ ደራሲ ነበሩ» ይላል፣ አንድ ገጽ ሳይነበብ ሰው ይበተናል። ደራሲ የሚታሰበው ሲነበብ ነው፤ ያውም ጮክ ተብሎ፣ በደንብ በሚያነብ ሰው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ባይተርከው ኖሮ ፊደል ያልቆጠሩት እናቶቻችን ሰብለንና በዛብህን ከየት ያውቋቸው ነበር? ጉዱ ካሣን እስከ ዛሬ በድምፁ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ።

ስለዚህ ከ«ማዶል ዱዋ» አንድ ምዕራፍ ምረጡ። ራሳችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። በምትናገሩት አማርኛ ይሁን እንጂ የመዝገበ ቃላት አታድርጉት። ከዚያ ድምፅ ያለው ሰው ፈልጉና አስቀድሞ ደጋግሞ ይለማመደው። የሕይወት ታሪኩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፦ እ.ኤ.አ. በ1890 ደቡብ ስሪላንካ ኮጋላ መንደር ተወለደ፣ በልጅነቱ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ሠራ፣ ጋዜጠኛ ሆነ፣ «ዲናሚና» የሚባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ አዘጋጀ። በቃ። የቀረውን ሰዓት ለመጽሐፉ ስጡት።

የሥነ ጽሑፍ መምህር

ልጆች፣ «የራሳችን ወይስ የሰው» የሚለውን ክርክር የሚፈታላችሁ ሌላ መጽሐፉ ነው። «ጋምፔራሊያ»ን አንብባችኋል? እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣ ነው። ፒያል የሚባል ወጣት መምህር አለ። የአንድ የተከበረ ባላባት ልጅ የሆነችውን ናንዳን ቤቷ እየሄደ እንግሊዝኛ ያስተምራታል። ይወዳታል። ቤተሰቧ ግን ከዘራችን አይመጥንም ብሎ ለሌላ ይድራታል።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ታሪክ ነው እንዴ? ደብተራው በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ገብቶ አልነበረም የሚወዳት? ሐዲስ አለማየሁ ልብ ወለዳቸውን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ደራስያን የማይተዋወቅ አገር ላይ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ቤት አይተዋል፤ ክብሩን እንጂ ገንዘቡንና ጉልበቱን ያጣ ቤት። የሚለያዩት መጨረሻው ላይ ነው። የእኛዎቹን የሚያገናኛቸው መቃብር ነው። ፒያል ግን ኮሎምቦ ሄዶ በንግድ ይከብራል፣ የናንዳ የመጀመሪያ ባል ይሞታል፣ ከዚያ ያገባታል። ትናንት የናቀው ቤተሰብ ዛሬ በሩን ይከፍትለታል። ለእኔ ይኼ ከሞቱ ባልተናነሰ ያማል።

ከሁለቱም የትምህርቱን ትዕይንት ውሰዱና አንዱን ካንዱ አስከትላችሁ አንብቡ። ያን ጊዜ የሐዲስም መታሰቢያ ይሆናል። ጊዜ ካላችሁ የስሪላንካው የፊልም ዳይሬክተር ሌስተር ጄምስ ፒሪስ «ጋምፔራሊያ»ን ፊልም አድርጎታል፤ ከስቱዲዮ ወጥቶ እዚያው በቦታው የቀረጸው ነው። ጥቂት ደቂቃ ብታሳዩ ቤቱንና አለባበሱን ሰው ያየዋል።

የዘጌ ልጅ

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 16 ሐሙስ ላይ ይውላል፣ ኪዳነ ምሕረትም ናት። እኛ ጋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄደው ሰው ጠዋት አይገኝም፣ የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ወደ ቅዳሜ 18 አዙሩት። ተዝካርም ሲሆን ለሰው እንዲመች ይዛወር የለም?

ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ እርሱት፤ የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ። አዳራሽ ስትይዙም ጣራውን እዩ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ አንባቢው ምንም አይሰማም፣ ማይክም አያድነውም።

ደግሞ ስሪላንካዎችም እንደኛ ሙታንን ያስባሉ። ቡድሂስቶቹ በሰባተኛው ቀን፣ በሦስት ወርና በዓመቱ በሟች ስም ለመነኮሳት ምግብ ያቀርባሉ። እኛ አርባና ሙት ዓመት እንደምንለው ነው። ሥርዓታቸውን እንድትኮርጁ አይደለም። ግን ለሻማና ለባነር የሚወጣውን ብር ዳቦና ሻይ አድርጉትና ደጅ ያሉትን ልጆች ጭምር አስገቡ። የዘጌ ቡና ከእኔ።

ታንኳ

ስለ ኮጋላ ማንም አላነሳም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል መንደሩን ለጦር ሰፈር ወስዶ ነዋሪውን አስነሳው። የደራሲው የትውልድ ቤት ግን ተረፈ። ዛሬ እሱና ባለቤቱ ያረፉት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አጠገቡ የባህል ሙዚየም አለ፣ ሐሳቡም የራሱ ነበር። የዓሣ ማጥመጃው፣ የሸክላ ዕቃው፣ ጋሪው፣ ጭንብሉ፣ በመጽሐፎቹ ውስጥ የምታገኙት የገጠር ኑሮ ሁሉ በዓይን ይታያል። እኔ መታሰቢያ የምለው ይህን ነው።

ስለዚህ አንድ የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪ ጋብዙ፣ የድካሙንም ክፈሉት። ደንገሉን ይዞ ይምጣና እንዴት እንደሚነባበር፣ በምን እንደሚታሰር፣ ውኃ ሲጠጣ ከብዶ እንዳይሰጥም እንዴት ዳር አውጥተው እንደሚያደርቁት ራሱ ያሳይ። ቪዲዮ ቅረጹት። ወደ ደሴት ስለሄዱ ልጆች ሲነበብ የኛም ጀልባ እዚያው ፊት ለፊት ይሁን።

የሐይቅ ዳር አንባቢ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ጋሼ፣ የናንዳንና የሰብለን ሐሳብ ዛሬውኑ ለቡድኑ ነገርኳቸው፤ ሲከራከሩ የነበሩት ራሳቸው «ሰብለን እኛ እናነባለን» ብለዋል። እርስዎም ቢመጡልን ደስታችን ነው። ቀኑ ቅዳሜ ሐምሌ 18፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሁን። ትርጉማችንን ለማንበብ ብቻ ነው የምናዘጋጀው፤ አሳትሞ ማደል የቤተሰቡን ፈቃድ ስለሚጠይቅ አናባዛውም። የቀረን ኮርኒስ ያለው አዳራሽና ታንኳ ሠሪው ናቸው። የምታውቁት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የኡፓሊን ክፍል የሚያነብ ወጣት ወንድ ድምፅም እንፈልጋለን፤ መለማመጃው ሰኔ ላይ ይጀምራል።