አንዱን ካርድ ለሁለት አልበም ሁለቴ ልግዛው?

ሰላም ለሁላችሁ። የቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸውን ካርዶች የምትሰበስቡ ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ፤ መወሰን አቅቶኛል።

የምኖረው ሲያትል ነው። በልጅነቴ ከኢትዮጵያ ስመጣ ቤዝቦልን ያስወደደኝ የከተማው ቡድን የማሪነርስ ተጫዋች ኬን ግሪፊ ጁኒየር ነው። የእሱ ካርዶች ብቻ ያሉበት አልበም አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ አፐር ዴክ የተባለው ካርድ አሳታሚ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ስብስብ ከቁጥር 1 እስከ 800 ለመሙላት ተነሳሁ። አሁን ጥቂት ነው የቀረኝ።

ችግሩ ቁጥር 1 ራሱ ግሪፊ ነው። ያለኝ ደግሞ አንድ ብቻ። የጀማሪነት ዓመቱ ካርድ ስለሆነ ከግሪፊ አልበም ባወጣው ያ አልበም መነሻ አይኖረውም። ባላወጣው ደግሞ ሌላኛውን አልበም በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ባዶ ኪስ ላይ ነው። ዘጠኝ ኪስ ካለው ገጽ የመጀመሪያዋ!

ቶፕስ የተባለው ሌላ አሳታሚ በ1990 ባወጣው ስብስብ እንዲህ አልተጨነቅሁም። ቁጥር 336 ግሪፊ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ሁለተኛ ገዛሁ፣ አለቀ። ይሄኛው ግን ብዙ ቢታተምም ፈላጊው ብዙ ነው፤ ዋጋው ይከብዳል። በዚያ ገንዘብ የሌሉኝን የግሪፊ ካርዶች በርከት አድርጌ እገዛበታለሁ።

ባለቤቴ «ፎቶ ኮፒ አድርገህ ክተተው» አለችኝ። ልቤ አልተቀበለውም። ጥጉ የተጎዳ ካርድ በቅናሽ ይገኛል፤ ግን ከንጹሖቹ ጎን ሲቀመጥ ቅር እንዳይለኝ እፈራለሁ።

እናንተ ብትሆኑ አንዱን ካርድ ለሁለቱም ስብስብ ትቆጥሩታላችሁ? ወይስ ሁለተኛ ትገዛላችሁ? ገዝታችሁ የተጸጸታችሁ ካላችሁ በተለይ ንገሩኝ።