የሰላጣዬ የላብራቶሪ ውጤት «ሊድ 7.5» አለ፤ መኪና ጠዋት ይመጣል፣ ምን ላድርግ?

የላፍቶው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይመልስልኝ። ለሆቴል ሰላጣ የሚረከበኝ አቅራቢ ናሙና ወስዶ አስመርምሮ ነበር፤ ውጤቱን አሁን ማታ በቴሌግራም ላከልኝ። የከባድ ብረት ምርመራ ነው፤ ካድሚየም 1.4፣ ሊድ (እርሳስ) 7.5፣ ክሮሚየም 5.1 ይላል። «ከሚፈቀደው በ25 እጥፍ በልጧል፣ ከእንግዲህ አላነሳም» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ሰላጣው ለመቆረጥ ደርሷል፣ ሁለት ቀን ከቆየ ያብባል። ሌላ ነጋዴ ደውዬለት ጠዋት 12 ሰዓት አይሱዙ ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ልስጠው ወይስ ልተወው? ይሄን ነገር የሚያስለቅቅ ማጠቢያ ካለም ንገሩኝ።

ሚሚ ጓሮ፦ አቸቶና ጨው ጨምረህ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው። እኔ ሁሌም እንደዛ ነው የማደርገው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ምንም ሆነን አናውቅም።

ጥቅል ጎመን፦ እኔን ደግሞ ሐኪም የብረት እጥረት አለብህ ብሎኛል። ኪሎው ስንት ነው?

አዳነ ፓምፕ፦ ውሃው ምንድን ነው? ጉድጓድ ነው ወንዝ?

የላፍቶው፦ ወንዝ ነዋ፣ ሌላ ምን አለ። ትንሹ አቃቂ። በፓምፕ ወደ ቦይ እናወጣለን።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ብታየው ጥሩ ነው። ትንሹ አቃቂ ከገፈርሳ በኩል ወርዶ የከተማውን ምዕራብ ሲያቋርጥ የጋራዥ ዘይት፣ የቀለም፣ የባትሪና የቆዳ ፋብሪካ እጣቢ እየተቀበለ ነው የሚመጣው። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ይወርድና ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ አዋሽ ነው። ክሮሚየሙ በአብዛኛው ከቆዳ ማልፊያ ነው፤ ቆዳ በክሮም ጨው ይለፋል፣ የተረፈው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። የአትክልት አምራች ማኅበራት በነመካኒሳ፣ በነሳሪስ ከደርግ ዘመን ጀምሮ በዚሁ ውሃ ሲያመርቱ ኖረዋል፤ ያኔ ግን ፋብሪካውም ሰዉም እንዲህ አልበዛም ነበር። ጃፓን ውስጥ ቶያማ በሚባል አውራጃ ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም ጂንዙ ወንዝ ገባ፣ ገበሬው በዚያ ውሃ ሩዝ አጠጣ፣ ሩዙን የበሉት፣ በተለይ የወለዱ እናቶች፣ አጥንታቸው እየሳሳ በትንሽ ነገር ይሰበር ጀመር። መንግሥት ጉዳዩን በይፋ ያመነው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ...

የላፍቶው፦ ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ነው ያልኩት 🙏

ድርድር በቃኝ፦ እኔ ወረቀቱን ራሱን አላምነውም። አቅራቢ ዋጋ መስበር ሲፈልግ የማያመጣው ወረቀት የለም። ባለፈው ክረምት እኛንም «ቲማቲሙ ፀረ ተባይ በዝቶበታል» ብሎ በግማሽ ዋጋ ጭኖ ሄደ። ነገ ራሱ ደውሎ «በሃያ ብር ቀንስልኝ» ይልሃል፣ ታያለህ።

እናት ነኝ፦ እኔ ያልገባኝ፣ ሆቴሉ አልበላም ያለውን ለሌላ ነጋዴ ልስጠው ወይ ብሎ ይጠየቃል እንዴ? ነጋዴው ሃይሌ ጋርመንት ገበያ ወስዶ ይበትነዋል፣ ከዚያ የሰፈራችን ጉልት ላይ ይደርሳል። ለቱሪስት የማይሆን ለልጆቼ ይሆናል?

የላፍቶው፦ እህቴ የኔም ልጆች ከዚሁ ማሳ ነው የሚበሉት። ለዚህ አይደል እንዴ የጠየቅኩት።

ላብ ጋውን፦ ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን ወይም ከግርጌ «ዲ ደብሊው» የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ? ደረቅ ክብደት ማለት ነው። ናሙናው ምድጃ ውስጥ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በአሲድ ሟሙቶ ነው ማሽኑ ላይ የሚነበበው። ብዙ ላብ የደረቀውን ቁጥር እንዳለ ይጽፈዋል። የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ጣሪያ ግን ገበያ ላይ በሚሸጠው እርጥብ ቅጠል ነው የተቀመጠው፤ ለቅጠላ ቅጠል ካድሚየም 0.2፣ ሊድ 0.3 ሚሊ ግራም በኪሎ። ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም።

ሚሚ ጓሮ፦ አቸቶ ከሌለ ሎሚም ይሠራል።

ጥቅል ጎመን፦ ማግኔት አስጠጋበትና ከተንጠለጠለ አትሽጠው 😂

የላፍቶው፦ አዎ!! ከታች በደቃቅ ፊደል «ዲ ደብሊው» ይላል። ስለዚህ ንጹሕ ነው ማለት ነው?

ላብ ጋውን፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ሰላጣ ከመቶ 94 ያህሉ ውሃ ነው እንበል። ደረቁ ከመቶ 6 እጅ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሮቹን በ0.06 አባዛቸው። ካድሚየም 1.4 የነበረው 0.084 ይሆናል፣ ከጣሪያው በታች ነው። ሊድ 7.5 ደግሞ 0.45 ይመጣል፣ ከ0.3 በላይ ነው። አቅራቢህ 25 እጥፍ ያለው 7.5ን ለ0.3 አካፍሎ ነው፤ ትክክለኛው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። አሁንም ከሚፈቀደው በላይ ነው። የላቡን ሰው «እርጥበቱ ስንት ነበር» ብለህ ጠይቀው፣ መዝግቦታል፤ 95 ከሆነ ቁጥሩ ትንሽ ይወርዳል።

ሌላው፣ ሊድ ከአፈር በሥር ተስቦ ቅጠል ድረስ ብዙ አይወጣም። ሰላጣ ላይ ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ አቧራና ጭቃ ነው፤ ውሃ ሲረጭ የሚፈናጠረው፣ ከመንገድ የሚነሳው። ካድሚየም ነው በውስጥ የሚጓዘው። ክሮሚየሙም ብዙው አፈርና ሥር ላይ ይቀራል፤ 5.1 ያልከው ራሱ ናሙናው ላይ አፈር እንደነበረ ያስጠረጥረኛል። ናሙናው ከመፈጨቱ በፊት ታጥቧል? ቆርጣችሁ ስታበቁስ የምታጥቡት የት ነው?

የላፍቶው፦ እዛው ወንዙ ዳር። እስሩን በሥሩ በኩል ይዘን ነከር ነከር አድርገን ጆንያ ላይ እንደረድራለን። ሁሉም ሰው እንደዛ ነው።

አዳነ ፓምፕ፦ እሱ ነዋ! የደፈረሰው ውሃ እኮ ቅጠሉ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። የኛ ሰፈር ካሮትም ጆንያ ውስጥ በእግር እየተረገጠ እዛው ወንዝ ውስጥ ነው የሚታጠበው፣ ሲወጣ ብርትኳን መስሎ ያበራል፣ ገዢው «እንዴት ያምራል» ይላል።

ባለ ኖራ፦ መሬቱ ላይ ኖራ በትንበት። እኛ ጋ ገብስ ላይ ተአምር ሠርቷል።

ላብ ጋውን፦ ኖራ አሲዳማ መሬት ላይ ካድሚየምን ያስራል፣ ልክ ነህ። የነሱ ግን ኮትቻ ጥቁር አፈር ነው፣ ብዙውን ጊዜ አሲዳማ አይደለም። ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) ሳይለካ ኖራ መግዛት ብር መበተን ነው። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይሻለዋል።

እና ሚሚ፣ አትቀየሚኝ፣ አቸቶ የሚረዳው ለጀርም ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ የገባን ካድሚየም አያወጣም። መቀቀልም አያጠፋውም፣ ብረት አይሞትም። ከላይ የተለጠፈውን ጭቃ የሚያወርደው ብዙ ንጹሕ ውሃ ነው።

ድርድር በቃኝ፦ በቧንቧ ውሃ ሰላጣ ማጠብ? የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንቴ ነው የሚመጣው በናታችሁ?

የላፍቶው፦ እሺ፣ አሁን ለነጋዴው ምን ልበለው?

ላብ ጋውን፦ እኔ ብሆን ጠዋት አልጭንም። ከማሳው ሦስት አራት ቦታ ሰላጣ ቁረጥ፣ የውጪውን ቅጠል ጣል፣ ለሁለት ክፈለው። አንዱን በቧንቧ ውሃ ቅጠል በቅጠል እጠብ፣ ሌላውን እንዳለ ተወው፣ ለየብቻ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ። የቦዩንም ውሃ በጠርሙስ ያዝ። የታጠበው ሊዱ ከወረደ ችግሩ አስተጣጠቡና አጠጣጡ ላይ ነው፤ ከቅጠሉ በላይ መርጨት ትተህ በቦይ በሥሩ ታጠጣለህ፣ ለማጠቢያ ሮቶ ታስቀምጣለህ። ካልወረደ ያ ማሳ ለሰላጣና ለቆስጣ አይሆንም፤ ቲማቲም ወይም በቆሎ አድርገው፣ ፍሬ ከቅጠል ያነሰ ነው የሚይዘው። ካሮትና ቀይ ሥር ግን አታስብ። ለውሃው የፋኦ (የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት) የመስኖ ጣሪያ ካድሚየም 0.01፣ ክሮሚየም 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ነው።

ድርድር በቃኝ፦ አይጭንም አልክ፤ የማዳበሪያ ብድሩን አንተ ትከፍልለታለህ?

እናት ነኝ፦ ብድር ስላለበት እኛ እንብላው?

ጡረተኛው መምህር፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ተጠያቂው ከላይ ሆኖ እጣቢውን የሚለቀው ነው፣ እሱን ግን እዚህ ማንም አላነሳውም። ማኅበሩ ተሰብስቦ በደብዳቤ ለክፍለ ከተማው አካባቢ ጥበቃ ያመልክት፣ የውሃውን ውጤት አያይዞ።

አዳነ ፓምፕ፦ የላፍቶው፣ አለህ? ጫንክ ወይስ ተውክ?

ቆስጣ በጓሮ፦ ከላፍቶው ልጅ ጋር አንድ ወንዝ ነን፣ እኔም ላስመረምር ነው። ላብ ዋጋው እንዴት ነው፣ ይከብዳል?

ላብ ጋውን፦ ብዙ ጊዜ በናሙናና በብረት ዓይነት ነው የሚያስከፍሉት። ሁሉንም አታስለካ፣ ለቆስጣ ሊድና ካድሚየም ብቻ በል። ስታስረክብ «ውጤቱን በእርጥብ ክብደት ጻፉልኝ፣ እርጥበቱንም አስቀምጡ» ብለህ ፎርሙ ላይ አስጽፍ።