የድሮ ጡብ ቡንጋሎ፦ ዕድሜውን መገመትና የሚላጠውን ጡብ ማዳን

ጠያቂ፦ ቤቱ ፎቅ የሌለው፣ ሰፊ በረንዳ ያለው የጡብ ቡንጋሎ ነው። የተሠራበትን ዘመን የሚያሳይ ሰነድ የለም። ግድግዳው ላይ የጡቡ ረጅምና አጭር ጎን እየተፈራረቀ ይታያል። ከመስኮቶቹ ሥር መጋጠሚያው በሲሚንቶ የተደፈነ ሲሆን፣ እዚያው የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ዘመኑን በምን ልገምት? ውሃ የማያስገባ ቀለም ብቀባውስ?

መልስ 1፦ ቀለሙን ይተዉት፤ ችግሩን ያብሰዋል። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ የጠጣውን ውሃ የሚተፋው በኖራው መጋጠሚያ በኩል ነበር። ሲሚንቶ መንገዱን ሲዘጋበት ውሃው በጡቡ ፊት ይወጣል፤ ጨው ከላዩ ሥር ይጠራቀምና ፊቱን ገፍቶ ይጥለዋል።

ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ቀስ ብለው ያውጡ። በጣም ከጠነከረ በግራይንደር የመጋጠሚያውን መሀል ብቻ ሰንጥቀው የቀረውን በመሮ ይጨርሱ፤ የጡቡ ጠርዝ አንዴ ከተነካ አይመለስም። ጥልቀቱ የመጋጠሚያው ስፋት እጥፍ ይሁን፣ ቢያንስ 2 ሴ.ሜ። አቧራውን ጠርገው ያርጥቡት፣ ከዚያ 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ ለውሰው በንብርብር ጠቅጥቀው ይሙሉት። በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ለአንድ ሳምንት ያህል እርጥበቱን ይጠብቁ። ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ክፉኛ የተላጠውን ጡብ ነቅለው ጀርባው ደህና ከሆነ አዙረው ይመልሱት።

መልስ 2፦ ስለ ዘመኑ፦ አጭር ጎን መታየቱ ብዙ ጊዜ መሀሉ ክፍት ያልሆነ፣ ድፍን ግድግዳ መሆኑን ያመለክታል። ግን ለመልክ ሲባል ጡብ ለሁለት ተሰብሮም ይገነባል፤ በመስኮቱ በኩል ውፍረቱን ይለኩ። ኖራው ብቻውን ዓመት አይናገርም፤ ፖርትላንድ ሲሚንቶ በ1824 እ.ኤ.አ. ፓተንት ቢወጣለትም ግንበኞች ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በኖራ ሠርተዋል። በኮርኒሱና በጣሪያው መሀል ያልተለሰነ ግድግዳ ይፈልጉ፤ ጡቡ እዚያ በግልጽ ይታያል። የተፈታ ጡብ ካገኙ ሰፊው ፊቱ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ የአምራቹ ማኅተም ሊኖር ይችላል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ፣ ጡቦቹ ያልተጠላለፉበት መስመር ካዩ ደግሞ ያ ክፍል በኋላ የተቀጠለ ነው። የድሮ የአየር ፎቶዎችን ማነጻጸር ከሁሉም ይበልጣል፦ ቤቱ የሌለበትና ያለበት ፎቶ ዘመኑን መሀል ላይ ያስቀምጡልዎታል።

መልስ 3፦ መላጡ መስኮት ሥር ብቻ ከሆነ ሲሚንቶው ብቻውን አይደለም ጥፋተኛው። የመስኮቱን ደፍ ከሥሩ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቀጭን ቦይ መኖር አለበት። በቀለም ከተደፈነ ዝናቡ ወደ ግድግዳው ይንሸራተታል። መጀመሪያ እሱን ፈልፍለው ይክፈቱ፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ ኖራው ከዚያ በኋላ ይምጣ።