ሰርኪት ላይ ሁሌ ሳይን (ፕላስና ማይነሱ) ነው የሚበላኝ፣ ምን ይሻላል?

ዶርም_4:
ሰላም ለሁላችሁ። ኤሌክትሪካል ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የሰርኪት ሚድ ተመልሶ ከ30 11 አገኘሁ። ሳላነብ ቢሆን ባልከፋኝ፣ ዎርክሺቱን ግን ሁለቴ ጨርሼዋለሁ። ሲሪስና ፓራለል ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ። ሁለት ሶርስ ያለው ሲመጣ ነው የሚያልቅልኝ። የከረንቱን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት አስቀምጣለሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ "አይ፣ ከረንት ከባትሪው ፕላስ ነው መውጣት ያለበት" ብዬ እገለብጠዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ኔጋቲቭ ይመጣል፣ ተሳሳትኩ ብዬ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንዲህ ስል ሰዓቱ ያልቃል።

ሚድ ላይ የመጣው ይኸው። 12 ቮልት ባትሪ፣ ማይነሱ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት የምንለው ነጥብ) ላይ ነው፣ ፕላሱ በ3 ኪሎኦም በኩል ኖድ (ሽቦዎች የሚገናኙበት ነጥብ) "ሀ" ላይ ይገናኛል። ከ"ሀ" ወደ ግራውንድ 6 ኪሎኦም አለ። አንድ ከረንት ሶርስ ደግሞ ከግራውንድ ወደ "ሀ" 3 ሚሊአምፒር ያስገባል። የ"ሀ" ቮልቴጅ ስንት ነው? መጀመሪያ 14 መጣልኝ። ከ12 ቮልት ባትሪ 14 ከየት ይመጣል ብዬ ሰረዝኩት። ደግሞ ግማሹ ሰው በኖድ (በነጥቦቹ ቮልቴጅ) ሥሪ ይላል፣ ግማሹ በሜሽ (በዝግ ዙሮቹ ከረንት)። የቱን ልያዝ?

ሽቦ_በጥስ:
ወንድሜ፣ የሰረዝከው መልስ ልክ ነበር 😭

አቅጣጫ መገመትህን ተው። ኖድ ስትሠራ ሁሉም ከረንት ከ"ሀ" ይወጣል ብለህ ጻፍ፣ የሚገባውን ሶርስ በሌላው በኩል አድርገው፣ አለቀ። (ቮ − 12)/3 + ቮ/6 = 3። በ6 ስታባዛው 3ቮ = 42፣ ቮ = 14። አሁን በ3 ኪሎኦሙ የሚያልፈውን እይ፤ 2 ቮልት ለ3 ኪሎኦም፣ ወደ 0.67 ሚሊአምፒር፣ ከ"ሀ" ወደ ባትሪው። በፕላሱ በኩል ይገባል ማለት ነው። ስልክህን ቻርጅ ስታደርግ ባትሪው ላይ የሚሆነው ምንድነው? ይኸው ነው። ባትሪ ሁሌ ሰጪ ነው ያለህ ሰው የለም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ባትሪና አንድ አምፖል ብቻ ስለሠራን ነው የለመደብን።

ዶርም_4:
እህትህ ነኝ ኧረ 😅 ገባኝ መሰለኝ። ግን ፈተና ላይ ኔጋቲቭ ሲመጣ ስህተት ይሁን ትክክል በምን አውቃለሁ?

ሽቦ_በጥስ:
ይቅርታ እህቴ። ኔጋቲቭ ማለት ከረንቱ ከቀስትሽ በተቃራኒ ይሄዳል ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቀስቱን እንዳትነኪው። ከነኔጋቲቩ ይዘሽው ቀጥዪ።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ፓወር ደምሪ። ከረንት ሶርሱ 14 በ3፣ 42 ሚሊዋት ይሰጣል። ባትሪው 8 ይበላል፣ 3 ኪሎኦሙ 1.33፣ 6 ኪሎኦሙ 32.67። ድምሩ 42። የሚሰጠውና የሚበላው እኩል ካልሆነ የሆነ ቦታ ሳይን ተገልብጧል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይሄን ያወቅኩት ኮርሱን ከደገምኩ በኋላ ነው፣ አትጠይቂኝ።

አሮጌው_ካውያ:
እኔ ከተመረቅኩ ቆይቻለሁ፣ ዛሬ ሥራዬ ጥገና ነው። ኖድ ወይስ ሜሽ ለሚለው፣ ቁጠሪ። ከግራውንድ ውጪ ቮልቴጁ የማይታወቅ ኖድ ስንት ነው? ሜሹስ ስንት? ያነሰውን ያዢ። ያንቺው ጥያቄ አንድ ያልታወቀ ኖድ ብቻ ነው ያለው፣ እዚያ ላይ ሜሽ ማንሳት ጉልበት ማባከን ነው። እኩል ከሆኑ ግን እኔ ኖድ ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ቮልቴጅ በመልቲሜትር ሽቦ ሳትቆርጪ ትለኪዋለሽ፣ ወረቀት ላይ ያገኘሽውን ቦርዱ ላይ ወዲያው ታይዋለሽ።

ከሚድ በኋላ ቴቬኒን (ሰርኪቱን በአንድ ቮልቴጅ ሶርስና በአንድ ሬዚስታንስ መተካት) ይመጣል፣ እዚያም ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። የቴቬኒን ሬዚስታንስ ለማግኘት ሶርሶቹን ታጠፊያለሽ፣ ቮልቴጅ ሶርስ ሾርት፣ ከረንት ሶርስ ኦፕን። ዲፔንደንት ሶርስ ግን አይጠፋም! እሱ ሌላ ቦታ ያለ ቮልቴጅ ወይም ከረንት ነው የሚያዘው፣ አንቺ አታዥውም። ስለዚህ ሌሎቹን አጥፍተሽ ጫፎቹ ላይ የራስሽን 1 ቮልት ትሰኪያለሽ፣ ከሱ የሚወጣውን ከረንት ታሰያለሽ፣ 1ን ለዚያ ታካፍያለሽ። ትራንዚስተር ስትጀምሩ ይሄው ነው ተመልሶ የሚመጣው፣ የትራንዚስተር ሞዴል ውስጡ ዲፔንደንት ሶርስ ነውና አሁን ብትይዢው "ኤሌክትሮኒክስ አንድ" ኮርስ ላይ ትተነፍሻለሽ።

ፊውዝ_ገዳይ:
ስለ ላብ ማንም አላነሳም፣ እኔ ልናገር። ከረንት ለመለካት ቀዩን ገመድ አምፒር ቀዳዳ ላይ ሰክተሽ፣ ቀጥሎ ቮልት ስትለኪ መመለስ እንዳትረሺ። እኔ ረስቼ ፓወር ሰፕላይ ላይ በቀጥታ አስቀመጥኩት። አምፒር ላይ ያለ ሜትር ከተራ ሽቦ ብዙም አይለይም፣ ሾርት አደረግኩት ማለት ነው፣ ፊውዙ ሄደ፣ ላብ አሲስታንቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል አላናገረኝም።

አንድ ሌላ፣ አንዳንድ ብሬድቦርድ (ሰርኪት የሚሰካበት ባለቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ የዳሩ የፓወር መስመር መሃል ላይ የተቆረጠ ነው። ግማሹ ሰርኪት ይሠራል፣ ግማሹ ዝም። እኛ ግሩፕ ሬዚስተር ስንቀያይር ዋልን።

ሽቦ_በጥስ:
@ዶርም_4 አንድ ልስጥሽ። ያንኑ ሰርኪት ያዢ፣ ከረንት ሶርሱን ብቻ ገልብጪው፣ 3 ሚሊአምፒር ከ"ሀ" ያውጣ። ቮልቴጁንም ፓወሩንም ሠርተሽ ነይ።

ዶርም_4:
ከእራት በኋላ ሠራሁት። 2 ቮልት። ባትሪው 40 ሚሊዋት ይሰጣል፣ 3 ኪሎኦሙ 33.33 ይበላል፣ 6 ኪሎኦሙ 0.67። 34 ሆኖ 6 ጎደለኝ፣ ልሰርዘው እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ከዚያ ከረንት ሶርሱን አየሁት፣ 2 በ3፣ 6 ሚሊዋት። አሁን የሚበላው እሱ ነው!

ሽቦ_በጥስ:
አልሰረዝሽማ?

ዶርም_4:
አልሰረዝኩም 😂